ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚከፈት በር፦ ፖሊስ በድንገተኛ ሁኔታ ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባበት የሕግ ወሰን ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

መግቢያ

በቢቸና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ወደ ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ ድምፅ ሳይሰማ ግቢውን አያልፍም፤ ቢያልፍ ነውር ነው። ሌሊት ከአንድ ቤት ኡኡታ ሲሰማ ግን «ቤቶች!» የሚል ጎረቤት የለም። ያገኘውን በትር ይዞ ይሮጣል፤ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ገፍቶ ይገባል። እዚህ ላይ ነውሩ ሳይገቡ መቅረት ነው። ጸሐፊው በቢቸና ያደገ በመሆኑ እነዚህን ሁለት ልማዶች የሕግ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያውቃቸዋል፤ የሕጉን መጽሐፍ ሲገልጥ ግን ሁለቱም በእኩል ግልጽነት ተጽፈው አላገኛቸውም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የፖሊስ አባል የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ሳይዝ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የሚችለው መቼ ነው? ምርመራው የሚያተኩረው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትና ከእነርሱ ጋር በሚነበቡ ሌሎች ሕጎች ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እንበል» ተብለው የቀረቡት ሁኔታዎች ሕጉን ለማብራራት የታሰቡ ምሳሌዎች እንጂ የተፈጸሙ ድርጊቶች ዘገባ አይደሉም።

አንድ የቃል ጉዳይ አስቀድሞ መጥራት አለበት። በዕለት ንግግራችን «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የአንድ ቤት፣ የአንድ ሌሊት ችግር ነው፤ እሳት፣ ድብደባ፣ የሚሸሽ ወንጀለኛ። ሁለተኛው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የሚታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ባለፉት ዓመታት የምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ ሁለተኛውን ደጋግሞ ስላየ «ፖሊስ ያለ ትእዛዝ መግባት ይችላል ወይ?» ሲባል መልሱን የሚፈልገው ከአዋጁ ነው። አዋጅ በሌለበት በማንኛውም ተራ ማክሰኞ የሚሠራ ሕግ መኖሩ ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው «ድንገተኛ ሁኔታ» ተብሎ ይጠራል።

ቤት በሕግ ፊት

የመኖሪያ ቤት መከበር በጽሑፍ ሕጋችን ውስጥ ዛሬ የመጣ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በሕግ ከተወሰነው ሁኔታ በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር፤ የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 61 ሰውንና የግል መኖሪያን ከሕገ ወጥ ብርበራ ጠብቋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 13 ሕግ ከፈቀደው ምክንያት ውጭ ማንም ሰው ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ ወደ መኖሪያ ቤቱ እንዳይገባ፣ ብርበራም እንዳያደርግ ይከለክላል። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ጥበቃውን ወደ ቤት፣ ወደ ሰውነትና ወደ ንብረት አስፍቶ፣ ገደብ የሚጣልበትን ሁኔታ በሁለት ቁልፍ ዘግቶታል፦ አስገዳጅ ሁኔታ መኖር አለበት፤ ገደቡም ወንጀልን መከላከልን ወይም የሌሎችን መብት ማስከበርን በመሳሰሉ ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ ላይ መመሥረት አለበት። አንዱ ቁልፍ ብቻውን በሩን አይከፍትም። ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይያዘው።

ከጽሑፍ ሕግ በፊት የነበረው አሠራር ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ አንድ ነገር ቢነሳ ከርእሱ የራቀ አይሆንም። ሌባ ሻይ በነበረበት ዘመን መድኃኒት የጠጣ ብላቴና በገመድ እየተመራ በመንደሩ ይንገዳገድ ነበር፤ ገብቶ የተጋደመበት ቤት ባለቤት የሌብነት ዕዳ ይወድቅበታል። ዳኛ አልጠየቀም፣ ምስክር አልተሰማም፤ ቤቱን የመረጠው የብላቴናው ስካር ነው። ዛሬ የብርበራ ትእዛዝ የምንለው ወረቀት ዋና አገልግሎት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይገለጻል። የማን ቤት፣ ለምን፣ ምን ለመፈለግ የሚለውን በሩ ላይ የቆመው ሰው ሳይሆን በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ዳኛ አስቀድሞ እንዲወስን ያደርጋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 መሠረት ትእዛዙን ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ የሚፈለገው ንብረት በትእዛዙ ላይ መገለጽ አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከናወናል።

ሁለቱ ልዩ ሁኔታዎች

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 32(2) ያለ ትእዛዝ ቤት እንዳይበረበር ከከለከለ በኋላ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል።

የመጀመሪያው ትኩስ ክትትል ነው። ወንጀለኛ እየተባረረ ወደ አንድ ቤት ቢገባ፣ ወይም የወንጀሉን ፍሬ ወደ ቤት ቢጥል፣ አባራሪው ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ወደ ፍርድ ቤት እንዲልክ አይገደድም። ክትትሉ ግን ትኩስ መሆን አለበት። እንበል፣ በሞጣ ገበያ ቀን ኪስ የገባ ሰው ከበሬ ተራ ወጥቶ ሲሮጥ ፖሊስ ተከትሎት አንድ ግቢ ሲገባ አየው፤ መግባት ይችላል። ሰውየው ጠፍቶ በማግስቱ «ትናንት ከዚያ ሰፈር ገብቶ ነበር» የሚል ወሬ ቢደርስ ግን የቀረው ጥርጣሬ እንጂ ክትትል አይደለም፤ ስለዚህ ፖሊስ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ልዩ ሁኔታ ሰፋ ያለ ይመስላል፤ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ብዙ ማነቆዎች አሉት። በመጀመሪያ ደንቡን የተከተለ ክስ ወይም የግል አቤቱታ አስቀድሞ መቅረብ አለበት። ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ እሥራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ቦታ ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያታዊ መነሻ ያለው ጥቆማ ለፖሊሱ መድረስ አለበት። በመጨረሻም ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ባለው መዘግየት ምክንያት ዕቃው ይወሰዳል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። አንዱ ከጎደለ ልዩ ሁኔታው የለም።

ከእነዚህ ውስጥ በምሥራቅ ጎጃም ትልቁ ክብደት ያለው መዘግየቱ ነው። የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ቢቸና፣ የሁለት እጁ እነሴ ደግሞ ሞጣ ናት፤ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚገኘውም በከተሞቹ ነው። በከተማዋ ውስጥ ላለ ቤት ትእዛዝ ማውጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል። ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል በሚወርዱት ቀበሌዎች፣ በክረምት፣ ወንዝ በሞላበት ቀን ግን ያው ሥራ የእግር ጉዞ ቀን ይበላል። ስለዚህ የሕጉ አንድ ዓረፍተ ነገር ለከተማ ነዋሪና ለገጠር ነዋሪ እኩል ጥበቃ አይሰጥም፤ ከፍርድ ቤት በራቀ ቁጥር የቤቱ በር እየሳሳ ይሄዳል። ጸሐፊው ይህን የሕጉ ጉድለት ብቻ አድርጎ አያየውም፤ በከፊል የመልክዓ ምድሩ ነው። ነገር ግን ርቀቱ በራሱ ምክንያት እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል። ሕጉ የሚጠይቀው ዕቃው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊወሰድ ነው የሚል የተለየ እምነት ነው። በአንድ ጎተራ ውስጥ ተቀበረ የተባለ ጠመንጃ፣ ባለቤቱ መጠርጠሩን ካላወቀ፣ ትእዛዝ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል፤ ቤቱን ከሩቅ የሚጠብቅ አንድ አባል ማቆምም ሌላ አማራጭ ነው።

ሌላው የገጠሩ ጉዳይ የሚገባው ሰው ማንነት ነው። አንቀጽ 32 የሚናገረው ስለ መርማሪ ፖሊስና ስለ ፖሊስ አባል ነው። በቀበሌ ደረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ሚሊሻ ነው፤ አንቀጹም አይጠቅሰውም። ሚሊሻው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው እንደ ማንኛውም ግለሰብ በአንቀጽ 50 መሠረት ሊይዝ ይችል ይሆናል፤ ቤት የመበርበር ሥልጣን ግን ከዚህ አንቀጽ አያገኝም።

ሞጣ በቅርብ ዓመታት ካየቻቸው ከባድ ቀናት አንዱ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈዋል። ፖሊስ ከዚያ በኋላ የሠራውን መገምገም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀን ሁለቱን ልዩ ሁኔታዎች እንዴት እንደሚፈትናቸው ማሰብ ይጠቅማል። የጨርቅ ጣቃ ተሸክሞ የሚሮጥን ሰው ተከትሎ ቤት መግባት በመጀመሪያው ልዩ ሁኔታ ይሸፈናል። ነጋዴው አቤቱታውን ካስመዘገበና «ዕቃው በእገሌ ቤት ነው፣ ዛሬ ማታ ሊጫን ነው» የሚል አሳማኝ ጥቆማ ከመጣ ሁለተኛው ይሠራል። «የተዘረፈው ሁሉ ያለው በዚያ መንደር ነው» ተብሎ ከቤት ወደ ቤት መዞር ግን በሁለቱም አይሸፈንም፤ ጥርጣሬው በአንድ ቤት ላይ ካላረፈ የመንደሩ ሰው በሙሉ ተጠርጣሪ ይሆናልና። በሌላ በኩል በመስጊዱ ውስጥ ወይም በተቃጠለ ሱቅ ጓሮ ሰው ቀርቶ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ወደ ሦስተኛው፣ ሕጉ በግልጽ ወዳልጻፈው ጉዳይ ይወስደናል።

የኡኡታው ድምፅ

ሁለቱን ልዩ ሁኔታዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሁለቱም የሚያሳስባቸው የሸሸ ሰውና የሚሸሽ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ እየተደበደበ ስላለ ሰው አንድም ቃል የለም።

እንበል፣ በቢቸና ከተማ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ትጮኻለች። ጎረቤት ለፖሊስ ይደውላል። ሁለት አባላት ይደርሳሉ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ባልየው «የራሴ ቤት ነው፣ ማን ጠራችሁ፣ በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ጩኸቱም በድንገት ጸጥ ይላል። ምን ያድርጉ? የሚያሳድዱት ወንጀለኛ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልዩ ሁኔታ አይረዳቸውም። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ማስረጃ ዕቃ ነው፤ የቀረበ ክስም ይፈልጋል። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556(1) ሥር የሚወድቅ ቀላል የአካል ጉዳት ቢሆን ደግሞ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣና ከሦስት ዓመቱ ወለል በታች ያለ ነው። ከውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ፖሊስ ጉዳቱ ቀላል ይሁን ከባድ ሊያውቅ አይችልም፤ ጸጥታው መታረቃቸውን ወይም መሞቷን ሊያመለክት ይችላል።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ አንድ ድንጋጌ አለ። አንቀጽ 20 ፖሊስ ወንጀል ወደ ተፈጸመበት ቦታ ወዲያው ሲጠራ፣ ወይም ወንጀሉ ከሚፈጸምበት ወይም ከተፈጸመበት ቦታ የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማ፣ ወንጀሉ እንደ እጅ ከፍንጅ ወንጀል እንዲቆጠር ያደርጋል። ኡኡታ በሕጋችን ውስጥ ስም አለው ማለት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉን በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የመጨረሻ መልክ የሰጠው ሰር ቻርልስ ማቲው የገጠሩን ኡኡታ አስቦ ይሁን የሌላ አገር ሕግ ይዞ፣ ድንጋጌው ከጎጃም ልማድ ጋር መግጠሙ አስገራሚ ነው። ሆኖም አንቀጹ የሚያስከትለው ውጤት አንቀጽ 21 ላይ ተወስኗል፤ ምርመራ ያለ ክስ ሊጀመር ይችላል፣ ያለ ትእዛዝም መያዝ ይቻላል። መያዝ እንጂ መግባት አልተባለም።

ከዚህ ሁለት ንባቦች ይነሳሉ። አንደኛው ጥብቁ ነው፦ አንቀጽ 32 ልዩ ሁኔታዎቹን ቆጥሮ ጨርሷል፣ ሕገ መንግሥቱም ዝርዝር ሕግ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ያልተጻፈ መግቢያ የለም። ሁለተኛው ንባብ አንቀጽ 32 የሚገዛው ብርበራን ነው ይላል። የሚጮኽን ሰው ለማዳን የሚገባ ፖሊስ የሚፈልገው ዕቃ የለም፤ አንቀጽ 20 እና 50 እንዲይዝ ከፈቀዱለት፣ የሚይዘው ሰው ያለበት ቦታ መድረስን ሕጉ አብሮ ፈቅዷል፤ አለዚያ ፈቃዱ ባዶ ይሆናል። ጸሐፊው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ የአንቀጽ 26 «የሌሎችን መብትና ነጻነት ማስከበር» የሚለው ዓላማም ይደግፈዋል። ነገር ግን ይህ ንባብ ድክመት እንዳለው መሸሸግ አይገባም፤ ከሁለቱ የሕገ መንግሥት ቁልፎች ሁለተኛውን የሚያገኘው በትርጓሜ እንጂ በግልጽ ድንጋጌ አይደለም።

አንዳንድ የሕግ ሰዎች መልሱን ከወንጀል ሕጉ ይፈልጉታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 75 ከባድና ተደራሽ አደጋን ለማስወገድ የተፈጸመ ድርጊትን ከቅጣት ነጻ ያደርጋል፤ በአንቀጽ 575 ደግሞ ከፍ ባለ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሊረዳ ሲችል አለመርዳትን ወንጀል ያደርጋል። እነዚህ በሩን ገፍቶ የገባውን ጎረቤት በሚገባ ይጠብቁታል። ለፖሊስ ግን አይበቁም። አንቀጽ 75 ከገባ በኋላ «አልቀጣህም» ይለዋል እንጂ አስቀድሞ «ግባ» አይለውም። የመንግሥት ሥልጣን በይቅርታ ላይ ሲመሠረት፣ ጠንቃቃው ፖሊስ በር ላይ ይቆማል፣ ደፋሩ ይገባል፤ ውሳኔው የሕግ መሆኑ ቀርቶ የባሕርይ ይሆናል። ዋጋውን የምትከፍለው ከውስጥ ያለችው ሴት ናት።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በተለያየ መንገድ ዘግተውታል። የእንግሊዝና የዌልስ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ (1984 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 17 ሕይወትን ወይም አካልን ለማዳን፣ ወይም ከባድ የንብረት ጉዳትን ለመከላከል ያለ ትእዛዝ መግባትን በግልጽ ፈቅዷል። በአሜሪካ ሥራውን የሠሩት ፍርድ ቤቶች ናቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. በብሪገም ሲቲ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ የወሰነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለጫጫታ ተጠርተው በመስኮት በኩል ድብድብና ደም ያዩ ፖሊሶች መግባታቸው ተገቢ ነው ብሎ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በካኒግሊያ ጉዳይ ግን፣ ባለቤቱ ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ፖሊስ «ለደኅንነት» ብሎ ቤት ገብቶ መሣሪያ መውሰዱን ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ትምህርታቸው ለእኛም ይሆናል፤ አደጋው በዚያች ሰዓት በሕይወት ያለ መሆን አለበት፣ አደጋው ሲያበቃ የመግባት ሥልጣኑም አብሮ ያበቃል።

አዋጁ ሲመጣ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው። አዋጅ ቁጥር 6/2015 ለስድስት ወራት የታወጀ ሲሆን በጥር 2016 ለአራት ወራት ተራዝሟል። ከፈቀዳቸው እርምጃዎች አንዱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት መፈተሽ ነው። ከዚህ በፊት በ2009 እና በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታዎችም ተመሳሳይ ሥልጣን ተሰጥቶ ነበር።

ሕገ መንግሥታዊው መሠረት ይህ ነው፦ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገዱ የማይችሉትን ድንጋጌዎች ሲዘረዝር አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2)ን ብቻ ይጠቅሳል። አንቀጽ 26 በዝርዝሩ የለም። ይህ ማለት ግን የቤት መከበር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ እገዳው አደጋውን ለማስወገድ አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ የተፈቀደ ነው። ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሆነ የሚገባው ከላይ ካየነው ጋር ሲነጻጸር ነው። በአንቀጽ 32 ሥር ፖሊስ ስለዚህ ቤት የተለየ ምክንያት ማሳየት አለበት። በአዋጁ ሥር ምክንያቱ ከቤቱ ወደ ክልሉ ይሰፋል። ከዚህም የተነሳ አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም አዟል፤ ቦርዱ በአንድ ወር ውስጥ የታሰሩትን ሰዎች ስም ይፋ ያደርጋል። የተፈተሹ ቤቶችን ዝርዝር ይፋ የማድረግ ግዴታ ግን በአንቀጹ ውስጥ የለም።

አዋጁ በግንቦት 2016 ማብቂያ ላይ ጊዜው አልፏል። አዋጅ ሲያበቃ ሕጉ ወደ አንቀጽ 32 ይመለሳል፤ አዋጁ የለመደው እጅ ግን በዚያው ቀን ላይመለስ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ የፍተሻ ሥራ የተማረ ወጣት የፖሊስ አባል የተማረው አዋጁን ነው። በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ የትእዛዝ ጥያቄ ለመጻፍ እንደገና ማሠልጠን ትንሽ ሥራ አይደለም።

ከገቡ በኋላ

ትእዛዝ ሳይኖር መግባት ያለ ሥርዓት መፈተሽ ማለት አይደለም። የተያዘ ንብረት ሁሉ በዝርዝር መመዝገብ አለበት፤ በተቻለ መጠንም ከጉዳዩ ነጻ የሆነ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። በገጠር ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም የዕድር ዳኛ ነው። ለማዳን የገባ ፖሊስ ደግሞ ያዳነውን አድኖ መውጣት አለበት፤ ሳጥን የሚከፍት ከሆነ ከማዳን ወደ ብርበራ ተሻግሯልና ለዚያ ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ባይከበርስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 የሰውን ቤት መድፈርን ይቀጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2053 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን በኃይል ወደ ቤት መግባትን ጥፋት አድርጎ ለካሣ ይዳርጋል፤ አንቀጽ 2126 ደግሞ በሥራ ላይ ለተፈጸመ ጥፋት መንግሥት እንዲጠየቅ መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ዕቃ በማስረጃነት እንዳይቀርብ የሚከለክል አጠቃላይ ድንጋጌ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ይከለክላል፤ ዝምታ ያለው በቤቱ በኩል ነው። ጠመንጃው ከተገኘ እንዴት ተገኘ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ክብደቱን ያጣል።

ምንም ነገር ያልተገኘበት ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የተያዘ ሰው በአንቀጽ 19(3) መሠረት የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዳኛ ያየዋል። በሌሊት ተከፍቶ፣ ተገላብጦ፣ ባዶ ሆኖ የተገኘን ቤት ግን ማንም ዳኛ አያየውም፤ ክስ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ዝርዝር እንኳ አይኖርም። ስለዚህ የጸሐፊው ሐሳብ ሁለት ክፍል አለው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲሻሻል ሕይወትን ወይም አካልን ከተጨባጭና ተደራሽ አደጋ ለማዳን ያለ ትእዛዝ መግባት በግልጽ ይፈቀድ፤ የኡኡታ ጩኸት ወይም የጎረቤት ጥሪ በቂ መነሻ መሆኑም ይጻፍ። ከዚያ ጋር፣ በዚህም ሆነ በአንቀጽ 32(2) መሠረት ያለ ትእዛዝ የገባ ፖሊስ የገባበትን ሰዓት፣ ምክንያቱንና ያገኘውን በጽሑፍ አድርጎ፣ ምንም ባያገኝም እንኳ፣ ለወረዳው ፍርድ ቤት በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያቀርብ፣ የቤቱ ባለቤትም ግልባጩን እንዲያገኝ ይደንገግ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ በቢቸናም በሞጣም የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አለ፣ የሚጎድለው አንድ ገጽ ቅጽ ነው።